ሜካትሮኒክስ ልምረጥ ወይ? ከአዘዞ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የአዘዞ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ክረምቱን ከቤተሰቧ ጋር ናት፤ ስትመለስ ትምህርት ክፍል ትመርጣለች። የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሜካትሮኒክስ ምህንድስና፣ ማለትም መካኒኩ፣ ኤሌክትሪኩና ፕሮግራሚንጉ አንድ ላይ የሚጠኑበትን ሙያ፣ ይሰጣል። ሒሳብና ፊዚክስ ጥሩ አምጥታለች፣ ፕሮግራሚንግ ላይ ግን ውጤቷ «ሲ» (C) ነው። አባቷ «ሰው ስሙን የማያውቀውን ከምትማሪ መካኒካል ግቢ» ይሏታል። ጥያቄዋ ሦስት ነው፦ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ቀምሼ ጥራዝ ነጠቅ ሆኜ እቀር ይሆን? ጎንደር ተመልሼ ሥራ አገኛለሁ? ክረምቱንስ በምን ባሳልፈው ይሻላል?

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሒሳብና ፊዚክስ ከሆነልሽ፣ የትምህርት ክፍሉም የሚሠራ ቤተ ሙከራ ካለው፣ ሜካትሮኒክስ ግቢ። ቤተ ሙከራው በር ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ከሆነ ግን ኤሌክትሪካል ግቢና በመጨረሻዎቹ ዓመታት የኮንትሮል ዘርፉን፣ ማሽን ራሱን እንዲቆጣጠር የማድረጉን፣ ያዢ፤ የመካኒኩን ክፍል ራስሽ ትጨምሪበታለሽ። ፕሮግራሚንግ ላይ ያመጣሽው «ሲ» አያስጨንቅሽ፤ በአንድ ክረምት የሚስተካከል ነገር ነው። የአባትሽ ስጋት ግን መሠረት አለው፤ የሥራ ማስታወቂያው ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሙያው የሚፈለግበትን ምክንያት በአንድ ብልሽት ላሳይሽ። የቢራ ወይም የለስላሳ መሙያ መስመር ላይ ጠርሙስ የሚቆጥር ሴንሰር አለ እንበል። መስመሩ በሰዓት 36,000 ጠርሙስ ያሳልፋል፤ በሴኮንድ 10 ማለት ነው፣ ለአንድ ጠርሙስ 100 ሚሊሴኮንድ ይደርሰዋል። አንድ ቀን ቆጠራው ከእውነተኛው መብለጥ ይጀምራል። መካኒኩ «የኤሌክትሪክ ነው» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ሴንሰሩን ይቀይራል፤ ችግሩ ሲቀጥል «ፕሮግራሙ ነው» ይላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ኩባንያ ያለው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ሦስቱም ባለሙያዎች በየሙያቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብልሽቱ ግን የተቀመጠው በመካከላቸው ስለሆነ ማንም አያየውም። ሜካትሮኒክስ የተማረ ሰው ቦታ እዚያ መካከል ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ብልሽት የሚያውቅ ሰው አንድም ዕቃ ሳይቀይር ይለየዋል። በመጀመሪያ መስመሩን አቁሞ ጠርሙስ በእጁ ይዞ በሴንሰሩ ፊት አሥር ጊዜ ያሳልፋል። አሥር ከተቆጠረ ሴንሰሩ ደህና ነው። ቀጥሎ መስመሩን ያለ ጠርሙስ ባዶውን ያስነሳዋል። ጠርሙስ ሳይኖር ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ሴንሰሩ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ያያል። መብራቷ የምትብለጨለጭ ከሆነ ሴንሰሩ የተያዘበት ላሜራ እየተንቀጠቀጠ የመስመሩን ጠርዝ እንደ ጠርሙስ እያየ ነው፤ ብሎን አጥብቆ፣ ማቀፊያውን አጠንክሮ ይጨርሰዋል። መብራቷ ጨለማ ሆና ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ ግን ምልክቱ የሚፈጠረው ሽቦው ላይ ነው። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር በሴኮንድ ሺዎች ጊዜ ያበራል ያጠፋል፤ የሴንሰሩ ገመድ ከሞተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቦይ ከተዘረጋ ያንን ረብሻ ይቀበላል። መፍትሔው ገመዶቹን መለየት፣ መረብ የለበሰ ገመድ መጠቀምና መረቡን ከመሬት መስመር ጋር በትክክል ማገናኘት ነው። ባዶውን ሲሄድ ምንም ሳይቆጥር፣ ጠርሙስ ሲኖር ብቻ የሚያበዛ ከሆነ ደግሞ የብርጭቆው ነጸብራቅ አንዱን ጠርሙስ ሁለት አስመስሎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው የፋብሪካ ኮምፒውተር) ግቤት ላይ የማጣሪያ ጊዜ መጨመር፣ ማለትም ከዚያ ጊዜ ያነሰ የቆየን ምልክት እንዳይቆጥር ማድረግ፣ ቀላል ስለሆነ ሁሉንም ችግር በእሱ ለመሸፈን ይሞክራሉ። ጥቂት ሚሊሴኮንድ ብታደርጊው ረብሻው ይጠፋል። 60 ብታደርጊው ግን መቶውን ሚሊሴኮንድ ጠርሙሱና ክፍተቱ ስለሚካፈሉት አንዳቸው የግድ ከ50 አይበልጡም፤ ስለዚህ እውነተኛ ጠርሙስ መጥፋት ይጀምራል። ይህን ስሌት ለመሥራት የመስመሩን ፍጥነት ከመካኒኩ፣ የምልክቱን ባሕርይ ከኤሌክትሪኩ፣ የማጣሪያውን አሠራር ከፕሮግራሙ ማወቅ ያስፈልጋል። አምስት ዓመት የሚያስተምሩሽ ለዚህ ነው።

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ማሽን የለም የሚለውን አትቀበዪ። ዳሸን ቢራ አለ፣ የብቅል ፋብሪካው አለ፣ የዱቄትና የምግብ ፋብሪካዎች አሉ፣ የአንገረብን ውኃ ወደ ከተማ የሚገፉ ፓምፖች አሉ፣ ሆቴሎቹ ሊፍት ያስገባሉ። ከመተማና ከሑመራ የሚወጣው ሰሊጥ ደግሞ ለውጭ ገበያ ከመጫኑ በፊት ይበጠራል፣ በቀለምም ይለያል።

በቀለም የሚለየውን ማሽን፣ ነጋዴው ሶርቴክስ የሚለውን፣ ዕድል ካገኘሽ ቆመሽ ተመልከቺው፤ የሙያሽን ሙሉ ሥዕል አንድ ሳጥን ውስጥ ታያለሽ። የሚንቀጠቀጠው ማፍሰሻ ፍሬውን በእኩል መጠን ይለቃል፤ ፍሬው በዘቅዛቃ ላሜራ ላይ ተንሸራቶ በካሜራ ፊት ይወድቃል፤ ጥቁሩን ፍሬ ወይም ጠጠሩን ካሜራው ሲለይ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ውስጥ ትንሽ የአየር ቫልቭ ተከፍቶ እፍ ብሎ ያወጣዋል። ማሽኑ ደህናውን ሰሊጥ ከመጥፎው ጋር መጣል ሲጀምር ባለቤቱ «ካሜራው ተቃጥሏል» ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚያ የቀለለ ነው። አንደኛው የካሜራው መስታወት አቧራ መያዙ ነው፤ ጠራጊው ብሩሽ ሲያረጅ መስታወቱ ላይ መስመር ይቀራል፣ ማሽኑም ያንን መስመር እንደ ጥቁር ፍሬ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር ውኃና ዘይት መያዙ ነው። ውኃ የገባበት ቫልቭ ዘግይቶ ይከፍታል፤ የተፈለገው ጠጠር ካለፈ በኋላ የሚቀጥለውን ደህና ፍሬ ይመታል። የአየር ማድረቂያውን መፈተሽ፣ ከጋኑ ሥር ያለውን ውኃ በየቀኑ ማፍሰስ፣ ማጣሪያውን መቀየር ካሜራ ከማስመጣት ይቀድማል። የሰሊጥ ወቅት አጭር ስለሆነ አንድ ቀን የቆመ ማሽን ለነጋዴው ትልቅ ኪሳራ ነው። ይህን መለየት የሚችል ሰው ጎንደር ውስጥ ፈላጊ አያጣም።

ሌላም ከከተማው ጋር የተያያዘ፣ መጽሐፍ ላይ በግርጌ ብቻ የሚጠቀስ ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ሞተርና ኢንቨርተር ላይ የተጻፈው አቅም በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀቱን በደንብ አይወስድም። ለኢንቨርተር የተለመደው ስሌት በየ100 ሜትሩ 1 ከመቶ መቀነስ ነው፤ ስለዚህ 20 አምፔር የሚል ኢንቨርተር ጎንደር ላይ ወደ 17.8 አምፔር አድርጊው። የማሽኑ ልክ 20 አምፔር ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይገዛል። ይህን የማያውቅ ሰው ማሽኑ ቀትር ላይ ሞቆ ሲያቋርጥ ኢንቨርተሩን ደጋግሞ ይቀይራል።

አየር መምጠጫ ኩባያ ለሚጠቀም ማሽንም እንዲሁ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ እዚህ ወደ 78 ይወርዳል። ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር የሆነ ኩባያ በንድፈ ሐሳብ ጠረፍ ላይ እስከ 127 ኒውተን ሲይዝ፣ ጎንደር ላይ ከ98 አይበልጥም። በተግባር የሚታመነው ደግሞ ከግማሹ በታች ነው። ጠረፍ አካባቢ ተፈትኖ የመጣ ማሽን እዚህ ካርቶን እየጣለ ቢያስቸግር ከሚፈተሹት ነገሮች አንዱ ይህ ይሁን።

አሁን ወደ ጥራዝ ነጠቅነቱ። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ ሜካትሮኒክስ ተመርቆ ሞተር መምረጥም፣ ፕሮግራም መጻፍም፣ ዘንግ መንደፍም በቅጡ የማይችል ሰው ይወጣል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ተማሪው ሁሉንም ኮርስ ለፈተና ያህል ይወስዳል፣ ሁሉንም በእኩል ይረሳል። መከላከያው ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ሥር መምረጥ ነው። አንዱ ሥር ኮንትሮልና ፒኤልሲ ነው፤ ፋብሪካ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ሌላው በትናንሽ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ራሱ ዕቃ ሠርቶ መሸጥ ለሚፈልግ ይሆናል። ሦስተኛው የማሽን ንድፍና ማምረት ነው፤ ቶርኖና ብየዳ ለሚወድ። በአንዱ ጠለቅ በዪ፤ በሌሎቹ ሁለት ደግሞ ከባለሙያው ጋር ሳይተረጎምልሽ የምትነጋገሪበት ደረጃ ይብቃሽ።

ኮርሶቹ ውስጥ ተማሪ የሚወድቅባቸው የታወቁ ናቸው፦ ዳይናሚክስ፣ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ፣ ከዚያ ኮንትሮል። የሦስቱም ችግር አንድ ሥር አለው፤ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሲማሩ ዘዴውን ብቻ ሸምድደው ማለፋቸው ነው። ላፕላስ የሚባለው የሒሳብ ዘዴ ማለት የአንድ ማሽን ባሕርይ በሌላ መልክ ሲጻፍ ነው፤ ማሽኑን አንድም ቀን ሳያዩ ቀመሩን ብቻ የያዙ ተማሪዎች ኮንትሮል ላይ ይሰምጣሉ። የሁለተኛ ዓመቱን ሒሳብ በተለይ ሊኒየር አልጀብራውን አደራ። የሮቦት ክንድ እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ ማትሪክስ ነው።

ፕሮግራሚንግ ላይ ስላመጣሽው ውጤት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፍሬሽማን ላይ የሚሰጠው ሲ ፕላስ ፕላስ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ፕሮግራም ነው። ማሽን ግን እንደዚያ አይሠራም፤ ሞተር እያዞረ ቁልፍ ይሰማል፣ ሙቀት ይለካል፣ አደጋ ይጠብቃል። ጀማሪ ሁሉ «ዲሌይ» የሚለውን ትእዛዝ ይወዳል፤ ዲሌይ እየቆጠረ ሳለ ፕሮግራሙ ደንቆሮ ነው፣ የአደጋ ማቆሚያ ብትጫኚም አይሰማም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሥራውን በሁኔታ ከፍለሽ መጻፍ ልመጂ፦ ቆሟል፣ እየተነሣ ነው፣ እየሠራ ነው፣ ተበላሽቷል። ከየትኛው ወደ የትኛው በምን ምክንያት እንደሚሻገር በወረቀት ሣይና ከዚያ ጻፊ። ይህ ልማድ ያለው ተማሪ ፒኤልሲ ላይ ሲደርስ አይቸገርም።

ትምህርት ክፍሉን ከመምረጥሽ በፊት ሄደሽ እዪው። ኃላፊውን «ቤተ ሙከራ አላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ሁሌም አዎ ነው። አምስተኛ ዓመቶችን ፈልገሽ እነዚህን ጠይቂ፦ ፒኤልሲውን በእጃችሁ ነክታችኋል ወይስ አስተማሪው ሲያሠራ ቆማችሁ አያችሁ? ለአንድ ማሠልጠኛ ሰሌዳ ስንት ተማሪ ነው? ባለፈው ዓመት የተሠራው የመመረቂያ ፕሮጀክት የት አለ፣ ዛሬ ቢሰኩት ይነሣል? ለአንድ ሰሌዳ አራት አምስት ተማሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ሃያ ከሆነ የሚነኩት ሁለቱ ናቸው፣ የቀሩት ሪፖርት ይገለብጣሉ። ኮንትሮል የሚያስተምረው ሰው በቋሚነት ያለ መሆኑንም ጠይቂ።

ኢንተርንሺፑ፣ አራተኛ ዓመት አካባቢ የሚመጣው፣ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል። ደብዳቤሽ ላይ «ለጥገና ክፍል» ተብሎ እንዲጻፍ ከዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ አለዚያ የሰው ኃይል ክፍሉ ቦታ ባለበት ይወረውርሻል። ሴት ተማሪዎችን ቢሮ አስቀምጦ ሪፖርት ማስተየብ በየፋብሪካው የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለተቆጣጣሪሽ በትሕትና ግን በግልጽ «ፈረቃ ይዤ ከጥገና ቡድኑ ጋር መውረድ እፈልጋለሁ» በዪ። ቱታና የደህንነት ጫማ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ለእግርሽ ልክ የሚሆን ጫማ መጋዘኑ ላይኖረው ይችላል፣ ጫማ ደግሞ ጥሩ የመከልከያ ምክንያት ነው።

ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ ብልሽት አራት ነገር ጻፊ፦ ምን ታየ፣ ምን ተለካ፣ ምን ተቀየረ፣ እውነተኛው ምክንያት ምን ነበር። ሁለት ወር ስትቆዪ ብልሽቱ የሚደጋገም መሆኑን ታያለሽ፤ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ የላላ ተርሚናል፣ የቆሸሸ ሴንሰር፣ አየር የሚያፈስ ቱቦ። ደህንነቱን በተመለከተ ሁለት ነገር አጥብቄ እነግርሻለሁ። ኢንቨርተር ከጠፋም በኋላ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃ ጠብቀሽ፣ በቴስተር ለክተሽ ነው እጅሽን የምታስገቢው። የአየር ሲሊንደርም መብራት ስለጠፋ አያርፍም፤ ግፊቱ ከቱቦው ካልወጣ ድንገት ተንቀሳቅሶ ጣት ይቆርጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ልማድ ከአሁኑ ያዢ። ማቆሚያ ቁልፍ ሁልጊዜ ሳይጫኑት በተዘጋ፣ ሲጫኑት በሚከፈት ግንኙነት ነው የሚሠራው፤ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ እንዲቆም። የሙቀትና የግፊት መለኪያም ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚልከው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ከ0 እስከ 100 ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ 12 ሚሊአምፔር ካሳየ 50 ዲግሪ ነው፤ 4 ካሳየ 0 ዲግሪ ነው፤ 0 ሚሊአምፔር ካሳየ ግን ብርድ አይደለም፣ መስመሩ ተቋርጧል። ጎንደር ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽን በራሱ እንዳይነሣም ፕሮግራሙ ውስጥም ሰርኪቱ ውስጥም መታሰብ አለበት፤ ጠጋኙ እጁን ያስገባው መብራት በሌለበት ሰዓት ሊሆን ይችላልና።

ሥራው ጋ እንምጣ። አባትሽ ያነሡት እዚህ ነው። የፋብሪካና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስና» ብሎ ይዘጋል። ማመልከቻ የሚቀበለው ሰው ሜካትሮኒክስ የሚል ዲግሪ ሲያይ ከዝርዝሩ ውጪ ያደርጋል። «ወይም ተዛማጅ» የሚል ካለ በሩ ክፍት ነው። ከሌለም አትመለሺ፤ ከሬጅስትራር የወሰድሻቸው ኮርሶች ዝርዝር በማኅተም ይዘሽ፣ ኤሌክትሪክ ማሽኖች፣ ኮንትሮል፣ ማሽን ኤለመንት መውሰድሽን አሳይተሽ የጥገና ኃላፊውን በቀጥታ አነጋግሪ። ሰው ኃይል ክፍሉ ስም ያያል፤ የጥገና ኃላፊው ሌሊት ማሽን የሚያስነሣለት ሰው ይፈልጋል። የመውጫ ፈተናውን አትርሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያልፉት ዲግሪ የለም፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው።

ጎንደር ውስጥ ለአዲስ ተመራቂ የሚከፈተው ቦታ ጥቂት ነው፤ ይህን ደብቄ ላስደስትሽ አልፈልግም። የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ላይ ቅድሚያው የባዮሜዲካል ተመራቂዎች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ፋብሪካ በተሰበሰበበት ማሳለፍን አስቢ፤ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ። ማሽን አቅራቢና ተካይ ድርጅቶችም ከፋብሪካ ያላነሰ ያስተምራሉ፤ በዓመት ብዙ ዓይነት ማሽን ትከፍቻለሽ። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገናም እየሰፋ ነው፤ የእነዚህ ባትሪ ግን በብዙዎቹ 400 ቮልት አካባቢ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ያለ ልዩ ሥልጠናና ጓንት አይነካም።

ከልምዱ በኋላ ጎንደር መመለስ ለሚፈልግ የሚታየኝ መንገድ የራስ ሥራ ነው፤ ለሰሊጥ ማበጠሪያዎች፣ ለዱቄት ፋብሪካዎች፣ ለውኃ ፓምፖች በውል የሚሰጥ የጥገና አገልግሎት። ሌላው አነስተኛ መሣሪያ ሠርቶ መሸጥ ነው፤ ለምሳሌ የጫጩት መፈልፈያ። ማራገቢያ ያለው መፈልፈያ 37.5 ዲግሪ ይፈልጋል፤ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 ከመቶ ሆኖ እንቁላሉ በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት መገልበጡ ይቆምና እርጥበቱ ከ65 በላይ ይሆናል። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ከውጭ የሚመጡት ርካሽ መፈልፈያዎች መብራት ሲጠፋ የሚቀዘቅዙ ናቸው። ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ግድግዳና ማራገቢያውን ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያቆይ ባትሪ ያለው መፈልፈያ ለከተማው የተሻለ ይሆናል።

ክረምቱን በዚሁ ዓይነት ሥራ ጀምሪው፤ ትንሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥን ሥሪ። የሚያስፈልግሽ፦ አንድ አርዱይኖ ኡኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰር፣ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ ቢያንስ 3 አምፔር የሚሰጥ የ12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ አይአርኤልዜድ44ኤን ትራንዚስተር፣ 220 ኦምና 10 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ በየጎኑ 20 ሳንቲሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ ሳጥን። ሰፕላዩን የተዘጋ ገዝተሽ ተጠቀሚ፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ራስሽ አትሥሪ። አምፖሉ ከእንጨቱ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ጥለሽውም አትሂጂ።

አምፖሉ 1.75 አምፔር ይስባል፤ የአርዱይኖ እግር በምቾት የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ ትራንዚስተሩ የገባው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ አይአርኤፍዜድ44ኤን የሚባል መንታ የሚመስል አለ፤ እሱ በ5 ቮልት በሙሉ ስለማይከፍት ይግላል፤ ስትገዢ ፊደሉን አንብቢ። 220 ኦሙ ከአርዱይኖው እግር ወደ ትራንዚስተሩ በር (ጌት) ይገባል፤ 10 ኪሎኦሙ ከበሩ ወደ ኔጌቲቭ ይታሰራል፣ አርዱይኖው ሲነሣ አምፖሉ በራሱ እንዳይበራ። የአርዱይኖውና የ12 ቮልቱ ሰፕላይ ኔጌቲቭ መገናኘት አለበት፤ «አይሠራም» ከሚባለው ሰርኪት ብዙው ይህ የተረሳበት ነው። ኤልኤም35 በዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ አርዱይኖው በ5 ቮልት መለኪያው አንድ እርምጃው 4.9 ሚሊቮልት ስለሆነ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ይለያል። የውስጡን 1.1 ቮልት ማነጻጸሪያ ብትመርጪ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ድረስ ታያለሽ።

መጀመሪያ ምንም ቁጥጥር ሳታደርጊ ኃይሉን በግማሽ አብሪና በየ5 ሴኮንዱ ሙቀቱን እየመዘገብሽ መጨመር እስኪያቆም ጠብቂ። ለምሳሌ ከ22 ተነሥቶ 38 ላይ ከቆመ ጭማሪው 16 ነው፤ 63 ከመቶው 10 ስለሆነ 32 ዲግሪ እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ የሳጥኑ የጊዜ ቋሚ ነው። ኮንትሮል ኮርስ ላይ በግሪክ ፊደል የምታገኚው ይኸው ነው። ቀጥለሽ ግብሽን 40 ዲግሪ አድርጊና ኃይሉን ከስሕተቱ፣ ማለትም ከግብሽና ከተለካው ሙቀት ልዩነት፣ ጋር ብቻ የሚያድግ አድርጊው። ሙቀቱ ከ40 በታች ይቆማል፤ ስሕተቱ ዜሮ ቢሆን አምፖሉ ይጠፋ ነበርና የግድ ጥቂት ስሕተት ያስፈልገዋል። ያንን የሚሞላው የስሕተቱን ድምር መጨመር ነው። ድምሩን ካልገደብሽው ግን ሳጥኑ ከቀዝቃዛ ሲነሣ ተከማችቶ ከ40 አልፎ ይሄዳል፤ አርዱይኖው ኃይሉን ከ0 (ጠፍቷል) እስከ 255 (ሙሉ) ስለሚቆጥር ድምሩንም በዚያ ክልል ውስጥ ያዢው። የብቅል ማድረቂያም ሆነ የቢራ ማብሰያ ጋን የሚቆጣጠረው በዚሁ ሐሳብ ነው፣ መጠኑ ቢለያይም።

አርዱይኖው በጊዜ ካልደረሰልሽ በላፕቶፕ ብቻ የሚሠራ አለ፤ ኮድሲስ በነፃ ይጫናል፣ ያለ ማሽንም ፒኤልሲ ፕሮግራም ያስሞክራል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃዋል። ከአዘዞ ወደ ከተማ ስትወጪም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሱቆች ዘንድ ብየዳ፣ በቴስተር መለካትና የተቃጠለ ዕቃ መለየት መማር ትችያለሽ።

የምርጫውን ቅጽ በተመለከተ፣ ምደባው በውጤት ውድድር ስለሆነ ሦስቱንም መስመር አስበሽ ሙዪው። ቤተ ሙከራውን አይተሽ ካረካሽ ሜካትሮኒክስ፣ ኤሌክትሪካል፣ መካኒካል በዚህ ቅደም ተከተል። ካላረካሽ ኤሌክትሪካል ይቅደም፣ መካኒካል ይከተል፣ ሜካትሮኒክስ ሦስተኛ ይሁን። መካኒካል ቢደርስሽም አባትሽ ደስ ይላቸዋል፤ አንቺ ደግሞ ፒኤልሲውንና ኤሌክትሮኒክሱን ከላይ በጻፍኩት መንገድ ከጎኑ ትቀጥዪበታለሽ።